ኪኒን እንደ ዝክር ዳቦ

እኔ አድልዎ የማልወድ ሴት ነኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ጥቂቶቹ እያመሰገኑ፣ የሚበዙት እያማረሩ። አባቴ ቄስ ነበር። ወንድሞቼን ፊደል ሲያስቆጥር እኔ በሩ አጠገብ ጥጥ እፈለቅቅ ነበርና ታናሼ በተሳሳተ ቁጥር ከበሩ ሆኜ አርመዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ ሰለቸውና፣ «ግቢ! በውጭ ሆነሽ ከምትበጠብጪን በውስጥ ሆነሽ ተማሪ» አለኝ። ዳዊት እኩሌታው ላይ ስደርስ ተዳርሁ። ትምህርቴ ይኸው ነው። በዚህች ትምህርት ግን ሰቆጣ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ነገር አቃንቻለሁ። አስቀድሞ ያጣመምሁትም እኔው ስለሆንሁ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ አንዱን ብቻ ብጽፍ አድልዎ ይሆናል።

ክሊኒኩ የገባሁት ባሌ ከሞተ በኋላ በጽዳት ሠራተኝነት ነው። የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ ከረሃቡ ሦስት አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሐኪም የምንለው ሰው በወረቀቱ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ማለት ነው፣ የተባለ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው የጎጃም ልጅ ነበር። ሥራውን ያውቃል፤ ሰው ፊት ግን እንቢ ማለት ይከብደዋል። ኽምጣንጋ አንድ ቃል አይሰማም። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ደግሞ የብዙዎቹ አማርኛ ለገበያ እንጂ ለበሽታ አይበቃም። የእናቴ ቋንቋ ኽምጣንጋ ነውና መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በመካከላቸው እቆም ነበር። ማንበቤን ባየ ጊዜ ካርድ ማውጣቱንም ኪኒን መቁጠሩንም ጨመረልኝ። መጥረጊያውን ግን አልቀነሰልኝም።

ሴቶቹን ከሚያሠቃየው በሽታ አንዱ የሽንት ማቃጠል ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሴት በቀን ወጥታ መሽናት ነውር ነው። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ከዚያ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይዛ ትውላለች። ገበያ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ እንዳያስቸግራት ብላ ውሃ በአፏ አታዞርም። ውሃውስ ቢሆን ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የሚመጣ ነው፤ አስቀድሞ ለባል፣ ለልጅ፣ ለእንግዳ፣ ለጥጃ ይቀዳል፤ ለእሷ የሚደርሳት ጭላጩ ነው። ወንድን ሽንቱን ሲያቃጥለው «ምች መታው» ይባላል። ሴትን ሲያቃጥላት ግን ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ስለዚህ ደብቃ ደብቃ የማትችለው ሲሆን ነው የምትመጣው።

መድኃኒቱ ሰልፋ የሚባል ነጭ ኪኒን ነበር። ከደሴ ይላካል፤ መኪናው ኮረም ያራግፈዋል፤ ከኮረም በበቅሎ ይደርሰናል። በሦስት ወር አንድ ቆርቆሮ፤ ክረምት ከገባ እሱም ይዘገያል። በሽታው ከሥሩ እንዲነቀል አንድ ሰው ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ፣ ሰባት ቀን መዋጥ አለበት። ሃምሳ ስድስት ፍሬ ማለት ነው።

በቅሎዎቹ ሲገቡ የሚያየው የከተማ ሰው ነው። በማግሥቱ የሹማምንቱና የጸሐፊዎቹ ሚስቶች ይሰለፋሉ፤ አንዷ ወገቤን፣ አንዷ ራሴን፣ አንዷ ሽንቴን ትላለች። ሐኪሙ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ለሁሉም በጠርሙስ እየሞላ ይሰጣል። ሁሉንም የዳኛው ሚስት ታስንቅ ነበር። ሳያማት ትመጣለች፣ «ለክፉ ቀን» ትላለች፣ ጠርሙሷን አስሞልታ ትሄዳለች። የገበያው ቀን ሲደርስ ከጽጽቃ መንገድ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ መንደሮች ግማሽ ቀን በእግራቸው የመጡት ሴቶች «አልቋል» ይባላሉ። ያንን «አልቋል» በኽምጣንጋ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ቃሉ አፌን ይመርረው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ማታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ባዶውን ቆርቆሮ አንሥቼ ሐኪሙ ፊት አስቀመጥሁት። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ልጄ ይሆናል።

«ይህ ቆርቆሮ የማን ነው?» አልሁት።

«የመንግሥት ነዋ፣ እትዬ።»

«መንግሥት ያለው ሰቆጣ ከተማ ብቻ ነው?»

«ምን ላድርግ? ቀድሞ የመጣ ነው የሚወስደው።»

«አጠገብ ያለውማ ምንጊዜም ይቀድማል! ጎጃም ያለችው እናትህ ከከተማ ርቃ ትኖራለች ብለኸኛል። ቀድማ ትደርሳለች?»

አንገቱን ደፋ። እኔም የልቡን ማዘን እንዳየሁ ወዲያው ደነገግሁ። በሴቶች ማኅበራችን የዝክር ዳቦ ቆራሽ እኔ ነበርሁ። ቢላዬ አያዳላም። ሀብታም ትምጣ ደሃ፣ በማኅበሩ ስም የተቀመጠች ሁሉ እኩል ትቋደሳለች፤ ለእርጉዝ ብቻ ሁለት ይቆረሳል፣ አንዱ ለእሷ አንዱ በሆዷ ላለው። ከእኔ እጅ የወጣ ዳቦ አንድም ቀን አላጣላም። ኪኒኑም እንደዚሁ ይሁን አልሁ። ለመጣች ሁሉ ስድስት ስድስት ፍሬ፣ ለእርጉዝ ዐሥራ ሁለት። ለዳኛው ሚስትም ስድስት፣ ለገረዷም ስድስት።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ሃምሳ ስድስት ነው የሚለው» አለ።

«መጽሐፉ ሰቆጣን አያውቃትም።»

«ይኼ እኮ…»

«ይኼ እኮ ምን? ሌላ ሰው ባዶ እጁን ይሂድ ነው የምትለው?»

ዝም አለ። ያን ጊዜ ዝም ባይል ኖሮ እያልሁ አንዳንዴ እወቅሰዋለሁ። ግን እንዳይናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አዲሱ ቆርቆሮ መጣ። ስድስት ስድስት እየቆጠርሁ በወረቀት ጠቀለልሁ። ለሁለት ወር ያህል «አልቋል» አልተባለም። ሴቶቹ ጉልበቴን እየነኩ መረቁኝ፤ «እጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ አያድላ» አሉኝ። ስድስቱን በልታ የተሻላት አለች፤ ሁለቱን በልታ ሲያስታግሳት የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረች አለች፤ ለጎረቤቷ ያካፈለችም አለች። እኔ በከተማው ውስጥ ቀና ብዬ እሄድ ነበር።

በዚያው ወራት አንዲት ልጅ እግር ሚስት ከጽጽቃ መንገድ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አማርኛ ስለማትሰማ ሁሉንም ለእኔ በኽምጣንጋ ነገረችኝ፤ ሽንቷ እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። አራት ወር እርጉዝ ነች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽንቷን ካቃጠላት በኋላ ብርድ ብርድ ብሏት፣ አተኩሷት፣ ስድስት ወር ላይ ወርዶባታል። የባሏ እናት ሾተላይ አለባት ብላለች። ይህኛው ከወረደ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ አማቷ በእሷ ቦታ የምትገባውን ሌላ ሚስት ሳይቀር አስባለች።

ዐሥራ ሁለት ፍሬ ቆጥሬ ሰጠኋት። «አንዱ ስድስት ለአንቺ፣ አንዱ ስድስት ለልጅሽ» አልኋት። ሳቀች። እንደዚያ ያለ ጥርስ አይቼ አላውቅም።

በወሩ ግድም አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ባሏ ከፊት ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ ትከሻው በቃሬዛው እንጨት ተልጧል። እሷ እሳት ሆናለች። ቀኝ ጎኗን ስነካት ጮኸች። ሐኪሙ ሽንቷን በጣሳ አስወጥቶ በብርጭቆ አድርጎ ወደ መስኮቱ አነሣው። የጎርፍ ውሃ ይመስል ነበር። በእስፕሪት መብራቱ ላይ ሲያሞቀው ጭራሽ እንደ እርጎ ረጋ።

«ኩላሊቷ ላይ ወጥቷል» አለ። «ልጁ አልወረደም። ግን ይህ ትኩሳት ካልቆመ ይወርዳል። እሷም…» አልጨረሰውም።

«ኪኒን ስጣታ!»

ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ገልብጦ አሳየኝ። ባዶ ነው። የሚቀጥለው ገና ከደሴ አልተነሣም።

ከዚያ ወደ ጓሮ ጠራኝና፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ድምፁን አሰማኝ። «እትዬ፣ ማሽላ ውስጥ አቀንጭራ ያውቃሉ?»

«እንኳን እኔ ልጅም ያውቃል።»

«አንገቱን ብቻ ቀንጥሰው ቢሄዱ ምን ይሆናል?»

«ይብሳል። ሥሩ ማሽላውን ይጠባል።»

«ስድስት ፍሬ ማለት ያ ነው። በሽታው ውስጥ ያለውን ደካማ ደካማውን ይገድላል። ለሁለት ቀን ይሻላታል። ጠንካራው ይቀራል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ለሁሉም ስድስት መስጠት ለማንም አለመስጠት ነው። ዳቦ ቢያንስ ግማሽ ሆድ ይሞላል፤ ይኼ ግማሽ የለውም፣ እትዬ።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርኸኝም?»

«ነገርሁዎት። መጽሐፉ ሰቆጣን አያውቃትም አሉኝ።»

  እዚያው ጓሮ፣ መርፌ የሚቀቀልበት ጉልቻ ላይ ተቀመጥሁ። ያቺን ልጅ እኔ በእጄ፣ እየሳቅሁ፣ ግማሽ መድኃኒት እንደሰጠኋት ገባኝ። እንደ ደሃ ነጣቂ ሹም ብሆን ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ መስረቁን ያውቃል።

ግን ተቀምጦ ማልቀስ አልችልበትም። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኪኒኑ አልቆ አይደለም፤ ተበትኖ ነው። የበተንሁት እኔ ነኝና ያለበትን ቤት ሁሉ አውቀዋለሁ።

ካርዶቹን አወጣሁ። የከተማ ሴቶቹን ለየሁ። ነጠላዬን አገልድሜ ከመጀመሪያው ቤት ጀመርሁ።

«ያ የሰጠሁሽ ኪኒን ተርፎሻል?»

የመጀመሪያይቱ ጠላ ሻጭ ነበረች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ምን ልታደርጊው?»

«ልወስደው።»

«ሰጥቶ መንሳት ከየት የመጣ ነው? ሰይጣን እንኳ የሰጠውን ሲነሳ ቀን ይጠብቃል!»

«አንዲት ልጅ ልትሞት ነው። እርጉዝ ናት። እኔ አሳንሼ ሰጥቻት ነው።»

«አንቺ? አሳነስሽ?» ብላ ጎረቤቷን በአጥር ተጣራች፤ «ነይ ስሚ፣ ቆራሿ ተሳሳትሁ አለች! ዛሬ ዝናብ ይዘንባል!» ሁለቱ ሴቶች እየሳቁብኝ ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱልኝ፤ ከአንዷ አራት፣ ከአንዷ ሦስት። የሳቁብኝን ሳቅ ዋጥሁት፤ ኪኒኑን በመሐረቤ ቋጠርሁ።

እንዲህ እያልሁ ዐሥራ አንድ ቤት ዞርሁ። አንዷ ለቁስል ዱቄት አድርጋ ነስንሳዋለች። አንዷ ለበሬዋ ሰጥታዋለች፤ «በሬው ተሻለው?» ብላት «እሱስ ድሮም አላመመውም» አለችኝ። አንዷ መስጠት ስላልፈለገች አልተረፈኝም ብላ ማለች፤ ከአጥሩ ሳልወጣ ጸጽቷት ሮጣ ደረሰችብኝና አምስቱን በእጄ አስጨበጠችኝ። ቆጠርሁት። ሠላሳ ሦስት። ሐኪሙ ዘንድ ወስጄ ስዘረግፈው ሁለቱን ከጨው ጋር ታስረው ረጥበዋል ብሎ ጣላቸው። ሠላሳ አንድ። የጎደለው ሃያ አምስት ነው።

ሃያ አምስት ፍሬ በአንድ ላይ ያላት ሰቆጣ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ስደርስ የዳኛው ሚስት በረንዳዋ ላይ ሹሩባ እየተሠራች ነበር። አንገቷን ማዞር ስለማትችል ፊት ለፊቷ እስክቆም አላየችኝም።

«ማን ናት?»

«ከክሊኒክ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ያቺ ቆራሿ! ስድስት ፍሬ የሰጠሽኝ? ለገረዴም ስድስት፣ ለእኔም ስድስት?»

«ሁለታችሁም አንድ አንድ ሰው ናችሁ።»

ሹሩባ ሠሪዋ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ጎንጉኚ!» አለቻት። ወደ እኔ፣ «አሁን ምን አመጣሽ?»

ነገርኋት። የልጅቱን ትኩሳት፣ የእኔን ስሕተት፣ የሠላሳ አንዱን ፍሬ፣ የጎደለውን። አልለመንሁም፤ መለመን አልችልበትም። እንደ ሆነው ብቻ ነገርኋት። 

«ስንተኛዋ ነው?» አለች።

«ሦስተኛዋ። ሁለቱ ወርደዋል።»

ሹሩባ ሠሪዋ እጇን አቆመች። የዳኛው ሚስት ልጅ እንደሌላት አገር ያውቃል። ለምን እንደሌላት ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ገረዷን ጠርታ ጠርሙሱን አስመጣች። በራሷ እጅ፣ በጉልበቷ ላይ፣ ሃያ አምስት ቆጠረች። አንድ አላበዛችም፣ አንድ አላጎደለችም።

«ቆርቆሮው ሲመጣ ትመልሽልኛለሽ» አለች።

«ሲያምዎ ሙሉውን፣ ሃምሳ ስድስቱን ያገኛሉ።»

«ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ግን ያን ሰዓት ኪኒኑን ይዤ መሮጥ ስለነበረብኝ አልተከራከርሁም። ይህንንም ከጥፋቴ እቆጥረዋለሁ።

ልጅቱን ቤቴ ወስጄ መደቤ ላይ አስተኛኋት። ኪኒኑን በቀን አራት ጊዜ በእጄ አቀብላታለሁ፤ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ጣሳ ውሃ። ሰልፋ ያለ ብዙ ውሃ ኩላሊትን ይጎዳል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። ውሃ ደግሞ ከምንጭ ነው የሚመጣ። ባሏን ጠራሁት።

«እንስራው ያውልህ» አልሁት።

እንስራውን አየ፣ እኔን አየ። «እኔ? በጀርባዬ?»

«እሷ ስንት ዓመት በጀርባዋ አመጣችልህ?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሚስቱ ሞተችበት ከሚልህ ይሻላል።»

እንስራውን አዘለ። የምንጩ መንገድ ሴቶች እልል እያሉ ተከተሉት፤ «ሙሽሪት፣ ቀስ በይ፣ እንዳትሰብሪው!» ይሉት ነበር። በሁለተኛው ቀን መሳቁ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ከሴቶቹ አንዷ እንስራውን በጀርባው አስተካክላ ስታሥርለት አየሁ። እሱም በእንስራው ክብደት አጎንብሶ ሲገባ ሚስቱን አየት አድርጎ፣ «ይኼን በየቀኑ ነው የምታመጪው?» አላት። «በቀን ሁለት ጊዜ» አለችው፣ ዐይኖቿን ጨፍና።

ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። ባልና ሚስቱ ወዲያው እንሂድ አሉ። ድናለች አሉ። በሩ ላይ ተቀመጥሁ። «ሃያ ስምንት ፍሬ ቀርቷል። ሃያ ስምንቱን ሳትጨርስ በሬሳዬ ላይ ትወጫለሽ» አልኋት። እሷም፣ «ጤነኛ ሆኜ ኪኒን እበላለሁ?» ብላ አለቀሰች፣ ምክንያቱም የተረፈውን ለእኅቷ ልትወስድ አስባ ነበር። ይህ ደግነታችን ነበር ሲገድለን የኖረው፤ እኔም የዚሁ ደግነት ልጅ ስለሆንሁ አልተቆጣኋትም። በኽምጣንጋ፣ ቀስ ብዬ፣ የአቀንጭራውን ነገር ነገርኋት። የገበሬ ልጅ ናት። ገባት። እስከ መጨረሻው ዋጠች።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሙ ሽንቷን በብርጭቆ ወደ መስኮቱ አነሣው። የብርጭቆው ማዶ ያለው ጣቱ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። አሞቀው፤ አልደፈረሰም። ሐኪሙ ብርጭቆውን አቀበለኝ፣ እኔም እንድይዘው።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችን ቁጭ ብለን ሥራውን እንደገና ደነገግን። የሽንት ማቃጠል ያላት ሁሉ መጀመሪያ ሽንቷ ይታይ። ያልደፈረሰ ከሆነ ኪኒን የለም፤ ውሃ ጠጪ፣ አትያዢ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ ትባላለች። የደፈረሰ ከሆነ ሃምሳ ስድስቱ ሳይጎድል ይሰጣታል። እርጉዝ ሁልጊዜ ትቅደም። ከቆርቆሮው እኩሌታው ደግሞ ለገበያ ቀን ይቀመጥ፤ የከተማ ሰው አይነካውም። ይህች የመጨረሻይቱ የእኔ ናት።

ችግሩ ሴቶቹ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ በቀን መሽናት ማፈራቸው ነበር። ጣሳውን ስሰጣቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ከዘበኛው ጋር ጭራሮ ለቅመን ከጓሮው ጥግ አጥር አጠርን፤ መግቢያውን በጠማማ አደረግነው፣ ከየትም ወገን እንዳይታይ። ሳያማቸው በሰበብ የሚመጡ ሴቶች ሳይቀሩ በዚያ አጥር ውስጥ እፎይ ብለው ይወጡ ጀመር። የገበያ ቀን ወረፋው ከካርዱ ይልቅ ለአጥሩ ይረዝም ነበር። አላባረርኋቸውም።

አዲሱ ቆርቆሮ በገባ በማግሥቱ ከሁሉ ፊት የቆመችው የዳኛው ሚስት ነበረች፤ ባዶ ጠርሙሷን ይዛለች።

«ሃያ አምስቴን፣ ላዩንም ሙይልኝ» አለች።

«ያመምዎት አለ?»

«ሽንቴን ያቃጥለኛል እንበል።»

ጣሳ አቀበልኋት።  የዳኛው ሚስት ጣሳውን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ሃያ የሚያህሉ ሴቶች ሲያዩዋት አየች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች። ይህን ለእሷ እመሰክርላታለሁ፤ እንደ ሁላችን ገባች፣ እንደ ሁላችን ወጣች።

ሐኪሙ አየው፣ አሞቀው። «ንጹሕ ነው፣ እመቤቴ። ደስ ይበልዎ።»

«እንግዲያው ስጡኛ!»

«ንጹሕ ስለሆነ ነው የማይሰጠው» አለ፤ እጁ ግን ወደ ቆርቆሮው ሲሄድ አየሁት። ድሮ ያጠፋው ይሉኝታ ተመልሶበት ነው። እጄን ክዳኑ ላይ ጫንሁ።

«ያቺ ልጅ በእርስዎ ሃያ አምስት ፍሬ ቆማ ሄዳለች» አልኋት። «ክሊኒኩ አልረሳውም፣ እኔም አልረሳውም። ግን ውለታ ሽንት አያደፈርስም። ሲያምዎ ሙሉውን ያገኛሉ ብዬዎታለሁ፤ አላመምዎትም።»

«አታለልሽኝ!»

«ያን ቀን ያው ነው ሲሉ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። እሱን ይማሩኝ። ኪኒኑን ግን አልሰጥም።»

ወረፋው ውስጥ የነበረችው ጠላ ሻጭ፣ «እመቤቴ፣ እኔም ሦስት ነው የሰጠሁ፤ አልመለሰችልኝም!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። የዳኛው ሚስት ጠርሙሷን ጨብጣ ወጣች፤ ለደሴ እንደሚጻፍ ከበሩ ተናገረች። ሐኪሙ ወደ በረሃ ወረዳ ተነሥቶ እንዳይጣል ፈርቶ ሁለት ሳምንት እህል አልወረደለትም። ግን በማግሥቱ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ በራሱ ጽሕፈት፣ «ሳይታይ አይሰጥም፤ ከተሰጠ ሙሉው ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ አገኘሁት። ለሕዝቡ በኽምጣንጋም በአማርኛም ጮክ ብዬ አነበብሁት። ከደሴ ምንም አልመጣም። ዳኛው ሚስቱን ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም የተወው፤ ወይም እሷው አልነገረችውም።

ወራቱ እንደዚህ አለፈ። ልጅቱ በየወሩ እየመጣች ሽንቷን ታሳያለች፤ አንዴም አልደፈረሰም። ስድስተኛው ወር አለፈ። ሰባተኛው አለፈ። ከዚያ መንገዱ ስለከበዳት ቀረች። እኔም በገበያ ቀን ከጽጽቃ መንገድ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቱን አጠና ነበር፤ መጠየቅ ግን እፈራለሁ። እኔ መጠየቅ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ጥር ውስጥ፣ የገበያ ቀን፣ ግቢው ሞልቶ ሳለ ባሏ ገባ። ብቻውን ነው። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት፤ ያ እንስራ የተሸከመ ሰው መሆኑን አውቀዋል። እኔ መጥረጊያውን እንደያዝሁ ወደ እሱ ሄድሁ።

«ምን ሆነች?» አልሁ በኽምጣንጋ።

«ተገላገለች» አለ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ለሐኪሙ ወደ አማርኛ ልመልስለት ዞር አልሁ። መመለስም አላስፈለገው፤ ሴቶቹ እልልታውን አቅልጠውት ነበር። ሰባት እልልታ ለወንድ ነው፣ ሦስት ነው ለሴት የሚባለው፤ እነሱ ግን አልቆጠሩም።

«አራቱ ፍሬ የእኔ ነው!» አለች አንዷ። «አንድ እግሯ የእኔ ነው ማለት ነው!»

«ሦስቱ የእኔ ነው፤ አፍንጫዋን እኔ ወሰድሁ» አለች ጠላ ሻጯ። «ምላሷን ግን ለቆራሿ ተዉላት፣ አደራ!»

«አምስቱ የእኔ!» ያለችው ያቺ ምላ ከአጥሩ ሮጣ የደረሰችብኝ ናት።

ባልየው አማርኛው በደንብ አልገባውም፤ ግን ስለ ልጁ እንደሆነ አውቆ ከዚያ በፊት አይቼለት የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መነጽሩን ይጠርግ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ተጣልቻለሁ፣ ጥቂት አሸንፌአለሁ። ከሁሉ የኮራሁት ግን ያን ቀን ነው፤ ስላሸነፍሁ አይደለም፣ የበተንሁትን መልሼ ስለሰበሰብሁ ነው።

እልልታው ገና ሳይበርድ የዳኛው ሚስት ገረድ ወረፋው መሐል ቆማ ነበርና ሮጣ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ እየለከለከች ተመለሰች።

«እመቤቴ ልካኝ ነው» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «ወንድ ነው ሴት? ብላ ጠየቀችኝ፣ ሴት ናት አልኋት። እንግዲያው ለዚያች ቆራሽ ንገሪያት፣ ሃያ አምስቱ የእኔ ነው፣ ከሁላቸውም የእኔ ይበልጣል ብላለች።»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ምን እንደምል ሊሰሙ።

«እውነቷን ነው በያት» አልሁ።